ርስት፣ ዘርና ሰዓት፦ የ«ስታርዱ ቫሊ» ጨዋታ ታሪክ

በፌብሩዋሪ 26 ቀን 2016 በኮምፒዩተር ጨዋታዎች ገበያ ላይ አንድ አዲስ ሥራ ቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዋጋው ከ15 ዶላር አንድ ሳንቲም የጎደለው ነበር። በዘመኑ ገበያውን ይመሩ የነበሩት ጨዋታዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ለዓመታት የደከሙባቸው፣ ሥዕላቸው ከሲኒማ ጋር የሚፎካከር፣ ተኩስና ሩጫ የበዛባቸው ነበሩ። ይህኛው ግን ሥዕሉ በትናንሽ ባለ ቀለም አራት ማዕዘኖች የተለቀመ፣ የ1990ዎቹን የቴሌቪዥን ጨዋታ የሚያስታውስ፣ ሙዚቃው ለስለስ ያለ፣ ጉዳዩም እርሻ ነበር። ተጫዋቹ በማለዳ ተነሥቶ መሬት ይቆፍራል፤ ዘር ይዘራል፤ ውኃ ያጠጣል፤ ከጎረቤት ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል፤ ሲመሽ ገብቶ ይተኛል። «ስታርዱ ቫሊ» የተባለው ይህ ጨዋታ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በ2024 መጨረሻ ቁጥሩ ከ41 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው፣ ሥዕሉን የሣለው፣ ሙዚቃውን የደረሰውና የገጸ ባሕርያቱን ንግግር ያዘጋጀው ኤሪክ ባሮን የተባለ አንድ ወጣት ነው፤ ብቻውን።

እርሻ ከበሬና ከቀንበር፣ ከዝናብ መዘግየትና ከበረዶ ውድመት ተለይቶ በማይታሰብበት አገር ላደገ ሰው ይህ ወሬ መጀመሪያ ላይ ፈገግታ ያጭራል። በአገራችን ስንቱ ገበሬ ልጁን ትምህርት ቤት የላከው ከሞፈር እንዲያመልጥለት አይደለምን? ታዲያ ከተሜው ገንዘብ ከፍሎ ወደ ዶማ የሚመለሰው ምን ፍለጋ ነው? «ሥራ መፍታት ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ብዙዎችም እንዲሁ ብለው ያልፉታል። እኔ ግን የጨዋታውን የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ተከትለን ብንሄድ፣ ሰውን የሚስበው እርሻው ሳይሆን ሰዓቱ መሆኑን እናገኛለን ባይ ነኝ። ጥያቄው የጊዜ ባለቤትነት ጥያቄ ነው።

እርሻን መጫወት ራሱ ለምሥራቅ አፍሪካ ሰው ባዕድ ነገር አይደለም። ገበጣ ምንድን ነው? ከአንዱ ጉድጓድ የታፈሰው ጠጠር ወይም ፍሬ በሚቀጥሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ እየተጣለ ይዘራል፤ እጅ የቀናው ደግሞ ይሰበስባል። የስዋሂሊ ጠረፉ ባኦና የኡጋንዳው ኦምዌሶ የገበጣ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ሊቃውንቱም ይህን ቤተሰብ በጠቅላላው «የመዝራት ጨዋታዎች» እያሉ ይጠሩታል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ስለ ገበጣና በአፍሪካ ቀንድ ስለሚገኙ ዘመዶቹ ሰፊ ጥናት ማሳተማቸው ይታወሳል። ሆኖም በገበጣ የሚዘራው የባላንጣን ጠጠር ለመብላት ነው፤ ከፊት ለፊት የሚሸነፍ ሰው ተቀምጧል። ለብዙ ዘመን በዓለም ላይ የተጫወቱት አብዛኞቹ ጨዋታዎች በዚህ ረገድ አንድ ናቸው። የኮምፒዩተር ጨዋታም ሲመጣ ይህንኑ ወረሰ፤ እንዲያውም ባላንጣውን ጥይት አስታጠቀው።

ባላንጣውን ከእርሻው ላይ ያነሣው ያሱሂሮ ዋዳ የተባለ ጃፓናዊ ነው። ዋዳ የተወለደው በክዩሹ ደሴት በሚያዛኪ አውራጃ ነው። በልጅነቱ ከገጠር ወጥቶ ቶኪዮ መግባትን እንደ ብዙዎቹ እኩዮቹ ይመኝ ነበር፤ ገባም። በጨዋታ አሳታሚ ኩባንያ ተቀጥሮ መሥራት ከጀመረ በኋላ ግን ሸሽቶት የመጣው ገጠር ምን እንደነበረ ከርቀት ይታየው ጀመር። ይህንንም በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው የጨዋታ አዘጋጆች ጉባኤ ላይ ስለ ሥራው ሲናገር አንሥቶታል። ውጊያ የሌለበት፣ ተጫዋቹ ሰውንና እንስሳን እየተንከባከበ የሚኖርበት ጨዋታ መሥራት ፈለገ። በኦገስት 1996 «ቦኩጆ ሞኖጋታሪ» በሚል ስም ወጣ። በአማርኛ «የከብት እርባታው ተረክ» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። የወጣበት ጊዜ ለገበያ የማይመች ነበር። ጨዋታው የተሠራለት የኒንቴንዶ መሣሪያ አርጅቶ፣ ተተኪው «ኒንቴንዶ 64» ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ለጃፓን ሕዝብ ቀርቧል። እንዲያም ሆኖ ጨዋታው ዘር ተክቷል። በተከታዮቹ ዓመታት ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በየመሣሪያው ላይ በቀሉ።

አስተርጓሚ ነኝና አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ጨዋታው በ1997 ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ «ሀርቨስት ሙን» ተባለ፤ የመከር ጨረቃ እንደ ማለት ነው። ስሙ ከጃፓንኛው ጋር የቃል ዝምድና የለውም፤ ሆኖም አማረበት፤ ተወደደ። ችግሩ የስሙ ባለቤት በአሜሪካ ያሳተመው ኩባንያ መሆኑ ነበር። በ2014 ሁለቱ ወገኖች ሲለያዩ የጃፓኑ ሥራ በአሜሪካ «ስቶሪ ኦቭ ሲዝንስ» የሚል አዲስ ስም ለመያዝ ተገደደ። ስሙን ይዞ የቀረው ኩባንያ ደግሞ በዚያው በ«ሀርቨስት ሙን» ስም ሌላ ጨዋታ እያሠራ ማውጣቱን ቀጠለ። የትርጉም ስም ከዋናው ሥራ ተነጥሎ የራሱን ጎጆ ሲወጣ ማየት በእኛ ሙያ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም።

ከዋዳ ልጆች መካከል ለነገራችን የሚጠቅመን በ1999 የወጣው «ባክ ቱ ኔቸር» የተባለው ነው። በዚህ ጨዋታ አንድ ልጅ የአያቱን እርሻ ይወርሳል። ነገር ግን ውርሱ ቅድመ ሁኔታ አለው። ሦስት ዓመት ይሰጠዋል፤ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ የመንደሩ ሰዎች ሠርቷል፣ ተግባብቷል ካሉ ይቀራል፤ ካላሉ ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል። መሬቱ የእሱ አይደለም ማለት ነው፤ በአደራ የተያዘ ነው። ባሮን በልጅነቱ ከሁሉ አብልጦ የወደደው ይህንኑ ነበር።

ወደ ባሮን ከመሄዳችን በፊት ስለ ሰዓት እናንሣ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በየመዝናኛ ቤቱ የቆሙት የጨዋታ ማሽኖች በሳንቲም የሚሠሩ ነበሩ። ማሽኑ ገቢ የሚያገኘው ተጫዋቹ ቶሎ ሲሞትና ሌላ ሳንቲም ሲጨምር ነው። ስለዚህ የጨዋታው ጥድፊያ የሥነ ጥበብ ምርጫ ብቻ አልነበረም፤ የሒሳብ ጉዳይም ነበር። ጨዋታ ወደ ቤት ገብቶ በአንድ ጊዜ ክፍያ የሚገዛ ዕቃ ሲሆን ያ ግዴታ ላላ፤ የዋዳ ዓይነቱ ዝግ ያለ ሥራ ሊታሰብ የቻለውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ነገር ግን ሳንቲሙ በሌላ በር ተመልሶ መጣ።

በ2008 በቻይና «ካይሺን ኖንግቻንግ» (ደስተኛው እርሻ) የተባለ የኢንተርኔት ጨዋታ ወጥቶ ከተሜውን አጥለቀለቀው። ተጫዋቹ ጎመን ይተክላል፤ ጎመኑ በእውነተኛ ሰዓት ይደርሳል፤ ሲደርስ ደግሞ ጓደኛው ቀድሞ ሊሰርቀው ይችላል። አትክልቱ እንዳይሰረቅበት ሌሊት በደወል ሰዓት የሚነሣው ሰው መብዛቱ በወቅቱ የጋዜጦች መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። በዓመቱ፣ በጁን 2009፣ የአሜሪካው ዚንጋ ኩባንያ «ፋርምቪል»ን በፌስቡክ ላይ አወጣ። በ2010 በወር ከ80 ሚሊዮን ሰዎች በላይ ይጫወቱት ነበር። እንጆሪ የዘራ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ተመልሶ ካልለቀመ ይደርቅበታል። መመለስ ካልቻለ፣ ማፍጠን ከፈለገ፣ ጎረቤትን ማስቸገር ከሰለቸው ገንዘብ መክፈል ይችላል። እዚህ ላይ እርሻው የሚታረስ መሬት መሆኑ ቀርቶ የሚያርስ ጌታ ሆኗል፤ የሚታረሰው የሰው ቀን ነው። «ፋርምቪል» ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ተዘጋ። በላዩ የታረሰው ሁሉ አብሮ ጠፋ።

ሌላ መንገድም ነበር። የኒንቴንዶው ካትሱያ ኤጉቺ ከቺባ ወጥቶ ለሥራ ወደ ኪዮቶ ሲዛወር ቤተ ዘመዱንና ጓደኞቹን ትቶ የመጣበት ብቸኝነት «ዶቡትሱ ኖ ሞሪ» ለተባለው ጨዋታ ሐሳብ እንደሰጠው ተናግሯል። በ2001 የወጣው ይህ ጨዋታ፣ በውጭ አገር «አኒማል ክሮሲንግ» የሚባለው፣ ልክ እንደ «ፋርምቪል» በእውነተኛው ሰዓት ይሄዳል። ተጫዋቹ ለወራት ሲጠፋ አረም ይበቅላል፤ ጎረቤቶቹም «የት ጠፋህ?» ይሉታል። ወቀሳው ግን የዘመድ ወቀሳ ነው፤ ከኋላው የሚከፈል ሒሳብ አልነበረም። ከዚሁ ተከታታይ ሥራ አንዱ በማርች 20 ቀን 2020፣ ዓለም በወረርሽኝ ምክንያት በሯን በምትዘጋበት ሳምንት፣ ለገበያ ቀርቦ በ12 ቀን ውስጥ 11.77 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል። ቤቱ የተቆለፈበት ሰው የት መሄድ እንዳማረው ቁጥሩ ይናገራል።

ባሮን በ2011 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የታኮማ ቅርንጫፍ በኮምፒዩተር ሳይንስ ተመረቀ። ሥራ ፈለገ፤ አላገኘም። ችሎታውን ለማዳበርና ለቀጣሪ የሚያሳየው ነገር እንዲኖረው ሲል በልጅነቱ የወደደውን ዓይነት አንድ ትንሽ የእርሻ ጨዋታ መሥራት ጀመረ። ጥቂት ወራት ይወስዳል ያለው ሥራ አራት ዓመት ተኩል ወሰደ። በሲያትል በአንድ ቲያትር ቤት ተመልካቾችን ወደ ወንበራቸው እየመራ ጥቂት ገንዘብ ያገኝ ነበር። የቤቱን ወጪ በአብዛኛው የሸፈነችው የትዳር ጓደኛው ለመሆን የታጨችው እጮኛው ነበረች ማለት ባይቻልም፣ አብራው የምትኖረው ወዳጁ መሆንዋ የታወቀ ነው፤ እርስዋም በዚያን ጊዜ ገና ተማሪና ተቀጣሪ ነበረች። እሱ በቀን ዐሥር ሰዓትና ከዚያም በላይ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ሰንበት ዕረፍት፣ ይሠራ ነበር። የሣለውን ፊት ደጋግሞ ያፈርሳል፤ እንደገና ይሥላል። ያላለቀ ሥራ ለገበያ አቅርቦ ገንዘብ እያገኙ መጨረስ በጊዜው የተለመደ ቢሆንም አልፈልግም አለ። ያለ ጥድፊያ የሚጫወቱት ጨዋታ የተወለደው ዕረፍት ከማያውቅ ሰው እጅ መሆኑ የታሪኩ አስገራሚ ክፍል ነው። ባሮን ሥራውን የሚያቀርብበት ስም «ከንሰርንድ ኤፕ» ይባላል፤ «ያሳሰበው ዝንጀሮ» ማለት ይሆናል፤ ስያሜው ይስማማዋል።

አሁን ወደ ጨዋታው እንግባ። አንድ አያት በሞት አልጋ ላይ ሆኖ ለልጅ ልጁ የታሸገ ደብዳቤ ይሰጣል፤ የኑሮ ሸክም የከበደ ዕለት እንጂ ከዚያ በፊት እንዳይከፍተው ያዘዋል። ዓመታት አልፈው የልጅ ልጁን «ጆጃ» በተባለ ግዙፍ ኩባንያ ውስጥ፣ በረድፍ ከተደረደሩ ሠራተኞች መካከል፣ በኮምፒዩተር ፊት ደንዝዞ እናገኘዋለን። ደብዳቤውን ይከፍታል። አውቶቡስ ተሳፍሮም አያቱ ወደተወለት እርሻ፣ «ፔሊካን ታውን» ወደተባለች የባሕር ዳር መንደር ይወርዳል። የሚጠብቀው ጉቶ፣ ድንጋይና አረም የዋጠው መሬት፣ አንዲት ጎጆና ከመንደሩ ሹም የተተወለት 15 ፍሬ ዘር ነው። (ዘሩ የፓርስኒፕ ነው፤ ነጭ ካሮት የመሰለ የፈረንጅ ሥር። አማርኛ ስም ስላላገኘሁለት እንዲሁ ልተወው።) መሬቱን ግን ምን እንበለው? «ንብረት» ቢባል ይቀዘቅዛል፤ «እርሻ» ቢባል ሥራውን እንጂ ዝምድናውን አይነግርም። ለአማርኛ አንባቢ ከአያት የመጣ መሬት ርስት ነው። በዚያ ቃል ውስጥ ያለውን ክርክርና ደም፣ ሙግትና ናፍቆት እንግሊዝኛው አያውቀውም። ይህ ርስት ደግሞ ግብር የማይከፈልበት፣ ወሰን ገፊ ጎረቤት የሌለው፣ ወንድምና እኅት ድርሻዬን የማይሉት ነው።

በዚህ እርሻ ላይ አንድ ቀን 14 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የጨዋታው ዐሥር ደቂቃ በእኛ ሰባት ሰከንድ ነው። ቀኑ የሚጀምረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሲሆን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያልተኛ ተጫዋች በቆመበት ተዝለፍልፎ ይወድቃል፤ ሲነቃም ከኪሱ ጥቂት ገንዘብ ጎድሎ ያገኘዋል። ፈረንጆቹ የጨዋታውን ሰዓት ከስድስት ሲጀምሩት እንግዳ ነገር ላይመስላቸው ይችላል። ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ለምንቆጥር ለእኛና ለስዋሂሊ ተናጋሪዎች ግን ይህ አቆጣጠር የተፈጥሮ ነው። ሌሊቱ 12 ብሎ ሲያበቃ የገበሬው ቀን ይጀምራል።

ቀኑ አጭር መሆኑን ልብ ይሏል። «የተረጋጋ» የሚባለው ጨዋታ በእርግጥ ሰዓቱ ፈጣን ነው። ተክሉን አጠጥቶ፣ ላም አልቦ፣ ዓሣ አጥምዶ፣ ሱቅ ሳይዘጋ መድረስ ሩጫ ይጠይቃል። ታዲያ ዕረፍቱ ከምን መጣ? ከሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቀኑ ይመሻል። ያልተሠራው ሳይሠራ ያድራል፤ የተሠራው ተቆጥሮ፣ ስንት እንደተሸጠ ተጽፎ ይቀርብለታል። ዘመናዊው ቢሮ ለሠራተኛው ያልሰጠው ይህንን ነው፤ የማታ ማታ ዛሬ የሠራሁት ይኸውና ብሎ በእጁ የሚያሳየው ነገር። ሁለተኛ፣ ተጫዋቹ ኮምፒዩተሩን ሲዘጋ መንደሩ ባለበት ይቆማል። አንድ ዓመት ቢጠፋ አንድ ቅጠል አይጠወልግበትም፤ ማንም መልእክት ልኮ ተመለስ አይለውም። ከ«ፋርምቪል» ጋር ያለው ልዩነት ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ከተከፈለው ዋጋ በኋላ የሚጠየቅ የለም። በዲሴምበር 2020ና በማርች 2024 የወጡት ትልልቅ ጭማሪዎች እንኳ ለገዙት ሁሉ በነፃ የተሰጡ ነበሩ።

ወቅቶቹ ለአስተርጓሚ ፈተና ናቸው። የጨዋታው ዓመት እያንዳንዳቸው 28 ቀን ባላቸው አራት ወቅቶች ይከፈላል፤ የመጨረሻው በረዶ የሚወርድበት፣ መሬቱ ደንድኖ በደጅ እምብዛም የማይዘራበት ነው። መዝገበ ቃላት ከፍቶ ይህን «ክረምት» ብሎ መተርጎም ቀላል ነው፤ የትምህርት ቤት መጻሕፍትም ሲሉት ኖረዋል። ለሀበሻ ገበሬ ግን ክረምት እርሻ የሚቆምበት ሳይሆን የሚፋፋምበት፣ ጭቃ ውስጥ የሚዋልበት፣ ጤፍ የሚዘራበት ነው። «ክረምት ገባ፤ ዛሬ የሚዘራ የለም» ብሎ ለአማርኛ አንባቢ መንገር ቀልድ መናገር ይሆናል። «በጋ» ቢባልም አይሆንም፤ በበጋችን በረዶ የለም። «ብርድ ወራት» ከሁሉ የሚሻል ይመስለኛል። ጨዋታው እስከ 2019 ድረስ በ12 ቋንቋዎች ቀርቧል፤ አማርኛ ከነዚህ አንዱ አልነበረም። ስለዚህ ይህ ሁሉ ጭንቀት የሙያ ልማድ ነው እንጂ የተላከ ሥራ ኖሮኝ አይደለም።

አማርኛ የሚያሸንፍበት ቦታም አለ። በመንደሩ ያለው ወዳጅነት የሚለካው በልብ ምልክት ነው። ስጦታ ሲሰጡት፣ በየቀኑ ሲያናግሩት የሰውዬው ልብ ቁጥር ይጨምራል። እንግሊዝኛው ለባዳውም ለወዳጁም አንድ ተውላጠ ስም ብቻ ስላለው ቁጥር ያስፈልገዋል። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ «እርስዎ» ብሎ የጀመረ ጎረቤት አንድ ቀን ሳይታወቀው «አንተ» ሲል፣ ወይም አንዲት እናት «ልጄ» ብላ ስትጠራው ልቡን መቁጠር ባላስፈለገም። ጀርመንኛና ፈረንሳይኛም ይህንን በከፊል ይችሉታል፤ እንደኛ ግን የዝምድናን ቃል ለባዳ ለመስጠት አይደፍሩም።

የመንደሩ ሰዎች ከሩቅ ሲታዩ የፖስታ ካርድ ሥዕል ይመስላሉ። ቀርቦ ላያቸው ግን የየራሳቸው ቁስል አላቸው። ሊነስ የተባለው ሽማግሌ ከመንደሩ ወጣ ብሎ በድንኳን ይኖራል፤ ማንም እንዲያዝንለትም ሆነ ቤት እንዲሠራለት አይፈልግም። ሼን ሥራውን ጠልቶ ይጠጣል። ኬንት በመጀመሪያው ዓመት የለም፤ ቤተሰቡ ብቻውን ነው። በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ከጦር ሜዳ ይመለሳል። አንድ ቀን ሚስቱ ፈንዲሻ ስታፈነዳ ድምፁን ሰምቶ ይናወጣል፤ ለእርስዋ የፈንዲሻ ድምፅ ነው፤ ለእሱ ግን ሌላ ነው። ይህን ትዕይንት ያየ የእኛ አካባቢ ሰው ጨዋታው የልጆች ነው ብሎ የሚከራከር አይመስለኝም። ወታደር የተመለሰበት ቤት ምን እንደሚመስል ማን ይነግረናል?

«ጆጃ» እዚህም አለ። ኩባንያው በመንደሩ ትልቅ መደብር ከፍቶ ትንሹን ባለሱቅ ሊያስዘጋው ይታገላል። የፈራረሰው የመንደሩ መሰብሰቢያ ቤት የሚታደሰው ተጫዋቹ ከምርቱ፣ ካጠመደው ዓሣና ከለቀመው ፍሬ ጥቂት ጥቂት ሲያዋጣ ነው። ካልፈለገ ደግሞ ለ«ጆጃ» የአባልነት ገንዘብ ከፍሎ ቤቱ መጋዘን ሲሆን ያያል። ጨዋታው አይከለክለውም። መዋጮውን ስናይ እድር ትዝ ይለናል፤ ነገር ግን ከእድር የሚለየው ትልቅ ጉድለት አለው። የሚያዋጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጎረቤት መጥቶ በደቦ አያርምለትም፤ እሱም የሰው አዝመራ ለማጨድ አይሄድም። ባሮን የገጠርን ሰላም በሚገባ ሥሏል፤ የገጠርን የጋራ ድካም ግን አላየውም ወይም ለአንድ ተጫዋች አልተመቸውም። በኦገስት 2018 ጓደኞች በአንድ እርሻ ላይ አብረው እንዲሠሩ የሚያስችል ጭማሪ ሲወጣ ይህ ጉድለት ጥቂት ተሸፈነ።

ያልተሣለው ሌላም ብዙ ነው። ቁራ መጥቶ ዘር ይበላል፤ ማስፈራሪያ ማቆም ይበቃል። መብረቅም ይወርዳል። ድርቅ ግን የለም፤ ኩሬው አይነጥፍም። በሬ የለም፤ ማረሻ የለም፤ መሬቱ በዶማ አንድ በአንድ ይገለበጣል። ዶሮውና ላሙ አይታረዱም፤ ለዕንቁላልና ለወተት ብቻ ይኖራሉ። ይህን አይቶ «ውሸት ነው» የሚል ገበሬ ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም ከተሜ ስለ ገጠር የጻፈው ሁሉ እንዲህ ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የሲሲሊን እረኞች በግጥም ያሞገሰው ቴዎክሪጦስ በታላቂቱ እስክንድርያ ከተማ የተደመጠ ባለቅኔ ነበር። የፈረንሳይዋ ንግሥት ማሪ አንቷኔት በ1780ዎቹ በቬርሳይ ግቢ ውስጥ ወፍጮና የወተት ቤት ያላት መንደር አስገንብታ ነበር፤ ከግንቡ ውጭ ያለው እውነተኛው ገበሬ ግን ዳቦ አጥቷል። የ«ስታርዱ ቫሊ» ተጫዋች ንግሥት አይደለም። ይልቁንም በደብዳቤው መክፈቻ ላይ እንዳየነው ተቀጣሪ ነው፤ የሚናፍቀውም የገበሬውን ድህነት ሳይሆን ራሱ ያጣውን፣ የሚጨርሰውን ሥራ ነው። ጨዋታው ስለ እርሻ ብዙ አይነግረንም፤ ስለ ቢሮ ግን ይነግረናል።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ እርሻው ይለወጣል። ውኃ የሚረጩ መሣሪያዎች ይተከላሉ፤ ፍሬው ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል፤ ጠጁ በምድር ቤት ይቀመጣል፤ ዋጋው ይጨምራል። ብዙ ተጫዋቾች የትኛው ተክል በቀን ስንት እንደሚያስገኝ በሠንጠረዥ ያሰላሉ፤ አበባ የነበረበትን ሁሉ ነቅለው በርሜል ይደረድሩበታል። ከ«ጆጃ» ወንበር ተነሥቶ የመጣው ሰው በአያቱ ርስት ላይ ሌላ «ጆጃ» ያቆማል። ማንም አላዘዘውም። ሰዓቱን ለባለቤቱ የመለሰ ጨዋታ፣ ባለቤቱ ሰዓቱን በምን እንደሚያውለው ሊወስንለት አይችልም። ባሮን ይህን ያውቅ ይመስለኛል፤ ሁለቱንም መንገድ ክፍት ትቶታል።

አያቱ ይመለሳል። በሦስተኛው ዓመት የመጀመሪያ ቀን መንፈሱ መጥቶ የልጅ ልጁን ሥራ ይመዝናል፤ በእርሻው ጥግ ባለው መታሰቢያ ላይም ከአንድ እስከ አራት ሻማ ይበራል። ምዘናው የሚያየው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ወዳጅ ማፍራቱን፣ ትዳሩን፣ የመሰብሰቢያ ቤቱን መታደስም ይቆጥራል። ከ«ባክ ቱ ኔቸር» የሚለየው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አንድ ሻማ ብቻ የበራለት ሰው ከመሬቱ አይነቀልም። አልማዝ በመታሰቢያው ላይ አኑሮ አያቱን እንደገና እንዲመዝነው መለመን ይችላል፤ ካልፈለገም ይተወዋል። በማግሥቱ 12 ሰዓት ላይ ዶሮ ይጮኻል፤ ውኃ ያልጠጣ ተክልም ይኖራል።